አሮጌ የሞተር ጀልባ ለገዛ ሰው

የጣና ዳር ሰው ለዘመናት የተሻገረው በደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አሮጌው ይተዋል፤ ሌላ ይታሰራል። የእንጨት ጀልባ ግን ዋጋው ብዙ ስለ ኾነ አይጣልም፤ ይጠገናል እንጂ።

እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዛን። ቤተ ሰባችንን ይዘን ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር ስለ ቸኰልን፣ ከኹሉ አስቀድመን ቀለም ቀባነው፤ በተረፈን ገንዘብም ሞተሩን አሠራን። ኋላ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጥተው የታችኛውን ሳንቃ በወስፌ ቢወጉት፣ ወስፌው ሳይታገል ሰተት ብሎ ገባ። ቀለሙ ያማረ፣ እንጨቱ ግን የበሰበሰ ነበር። ልጆቻችንን ልናሳፍርበት እንደ ነበር ባሰብን ጊዜ ደነገጥን፤ አፈርንም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ አስቀድሞ ሳንቃው በወስፌ ይመርመር፤ የበሰበሰው ተቈርጦ ይለወጥ። ደርቆ የቈየ ጀልባ በመገጣጠሚያው ውኃ ቢያስገባ፣ በዳር ታስሮ ጥቂት ቀን ሲቈይ እንጨቱ አብጦ ይገጥማል። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ይኬዳል፤ የቈየው ቤንዚን ይቀዳ፤ ካርቡራቶሩ ይጠረግ፤ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው ፓምፕ የላስቲክ ክንፉ ደርቆ እንደ ኾነ ይለወጥ፤ ያለዚያ ሞተሩ ግሎ ይበላሻል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ አየሩ ሥሥ ነውና ሞተር ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ጭነት አይብዛ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው።

እኛ ክረምቱን ሳንቃ ስንለውጥ ከረምን። በጥቅምት፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አልብሰን ተሻገርን። ጀልባው ያን ጊዜ ገና አልተቀባም ነበር።