«አልታየም» እና «የለም»፦ የካሜራ ወጥመድ መረጃ አነባበብ በጋምቤላ

በጋምቤላ ክልል የዱር እንስሳትን ሥርጭት የሚያጠና ተመራማሪ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ መልክዓ ምድሮች ይጠብቁታል። በምዕራብ በኩል ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ወንዞች የሚያጠጡት ዝቅተኛ ሜዳ በክረምት በሰፊው በውኃ ይሸፈናል፤ በበጋ ደግሞ ረጅሙ ሣር ደርቆ ይቃጠላል። በምሥራቅ በኩል፣ መሬቱ ወደ ደጋው ማቅናት በሚጀምርበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የመዠንግር ደን ይገኛል።

በሜዳው ላይ በመንጋ የሚጓዘውን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከአውሮፕላን መቁጠር ይቻላል። ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄደውና ውጤቱ በ2024 ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚበዛበት ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈላሽ የዱር እንስሳ እንዳለ ገምቷል። በደን ጥላ ሥር በሌሊት ለሚንቀሳቀሱት ነብር፣ ጥርኝና ሚዳቋ ግን አውሮፕላን አይረዳም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ዋነኛው የካሜራ ወጥመድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን አሠራር፣ የጋምቤላ ሁኔታ በመረጃው ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖና «አልታየም» የሚለው ውጤት ሊነበብ የሚገባውን መንገድ ማብራራት ነው።

የመሣሪያው አሠራርና የሙቀት ተጽዕኖ

መሣሪያው በስሙ ወጥመድ ቢባልም የሚይዘው ምስል ብቻ ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች በፊታቸው ካለው ሥፍራ የሚወጣውን የታሕተ ቀይ ጨረር የሚለካ ዳሳሽ አላቸው። ዳሳሹ የሚነቃው እንስሳ በመኖሩ ብቻ አይደለም፤ የገላው ወለል ሙቀት ከጀርባው ካለው መሬትና ዕፅዋት ሙቀት ሲለይና ይህ ልዩነት በዳሳሹ የእይታ ክልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ነው።

ይህ ባሕርይ ለጋምቤላ ልዩ ትርጉም አለው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመሬቱና የእንስሳው ወለል ሙቀት ስለሚቀራረብ፣ እንስሳው በካሜራው ፊት ቢያልፍም ዳሳሹ ላይነቃ ይችላል። በአንጻሩ በነፋስ የሚወዛወዝና በፀሐይ የጋለ ሣር ካሜራውን ደጋግሞ በማስነሳት ባትሪውንና የማስቀመጫ ካርዱን ባዶ ምስል ይጨርሰዋል። ስለዚህ በእኩለ ቀን የተነሡ ምስሎች ቁጥር ማነስ እንስሳቱ በዚያ ሰዓት ማረፋቸውን ብቻ ላያመለክት ይችላል፤ ከፊሉ የመሣሪያው ድክመት ሊሆን ይችላል። በሜዳውና ቀዝቀዝ ባለው የመዠንግር ደን የተገኙ ቁጥሮችን ያለ እርማት ማነጻጸርም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል።

የወቅቱ ሁኔታም ናሙናውን ያዛባል። ጎርፍ ካሜራዎችን ስለሚያሰጥምና መንገዶችን ስለሚዘጋ የሜዳው ጥናት በአብዛኛው በበጋ ይወሰናል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ግን ውኃና ሣርን ተከትሎ ድንበር የሚሻገር እንስሳ በመሆኑ፣ የአንድ ወቅት መረጃ የዓመቱን ሙሉ ሥርጭት አይወክልም።

ባለመታየት ላይ የተመሠረተ ድምዳሜ

አንድ ዝርያ በአንድ ሥፍራ ሳይመዘገብ ሲቀር ሁለት አማራጮች አሉ፦ በእርግጥ የለም፣ ወይም እያለ አልተገኘም። ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ነብር በሥፍራው ቢኖር በአንድ ሌሊት በካሜራው የመመዝገብ ዕድሉ 5 በመቶ ነው እንበል፤ የእያንዳንዱ ሌሊት ዕድልም ከሌላው ነጻ ይሁን። ካሜራው 20 ሌሊት ቢቆይ ነብሩ እያለ ሳይመዘገብ የመቅረቱ ዕድል 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ዕድል ከ5 በመቶ በታች የሚወርደው ካሜራው 60 ሌሊት ያህል ሲቆይ ነው። እንግዲህ የሦስት ሳምንት ጥናት ይዞ «ነብር የለም» ማለት ሳይንሳዊ መሠረት አይኖረውም።

ማኬንዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት የሥፍራ ይዞታ ሞዴል ይህንኑ ችግር ይፈታል። በተመሳሳይ ሥፍራ ተደጋግሞ የተሰበሰበን መረጃ በመጠቀም፣ ዝርያው የመኖሩን ዕድልና ካለ የመገኘቱን ዕድል ለየብቻ ይገምታል። እንደ ነብር ያሉ እያንዳንዳቸው በገላቸው ምልክት የሚለዩ እንስሳትን ብዛት ለመገመት ደግሞ፣ ካራንት እ.ኤ.አ. በ1995 በሕንድ ናጋራሆሌ በታይገር ጥናት ያሳየው በምስል ላይ የተመሠረተ የመያዝና ዳግም የመያዝ ስሌት ያገለግላል። የግራና የቀኝ ጎን ነጠብጣቦች ስለሚለያዩ በዚህ ዘዴ በአንድ ጣቢያ ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት ይተከላል።

የአላጥሽ ተሞክሮ

በአማራ ክልል የሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው ይህ ሥፍራ አንበሳ ሊኖርበት እንደሚችል ቢገመትም የተረጋገጠ ሳይንሳዊ መረጃ አልነበረውም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ምርምር ክፍል ባልደረባ ሃንስ ባወር የመሩት ቡድን፣ በቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ድጋፍ ካሜራ ተክሎና የእግር ዱካ ተከትሎ አንበሶች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አደረገ። እስከዚያ ድረስ የጎደለው አንበሳው ሳይሆን መዝገቡ ነበር።

ለጋምቤላ ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቢቋቋምም ወሰኑ ለረጅም ዓመታት ሕጋዊ ዕልባት ሳያገኝ ቆይቷል፤ በክልሉም ሰፋፊ መሬት ለንግድ እርሻ ተሰጥቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ «በአካባቢው አልተመዘገበም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መሬቱ ለምን እንደሚውል ሊወስን ይችላል። የታረሰ መተላለፊያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በሚገኝ ምስል አይመለስም።

በምስሉ የሚገቡ ሰዎች

የካሜራ ወጥመድ እንስሳን ከሰው አይለይም። በመዠንግር ደን ቀፎ የሚሰቅሉ ማር ቆራጮች፣ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶችና አዳኞች ሳያውቁ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ካሜራ ከመተከሉ በፊት ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ነዋሪዎች ጋር በቋንቋቸው መነጋገር፣ የሰው ምስል እንዴት እንደሚወገድና ለማን እንደማይተላለፍ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ይህ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው፤ ለመረጃው ጥራትም ይጠቅማል። መሣሪያውን እንደ ሰላይ የሚያይ ማኅበረሰብ ካሜራውን ሊነቅለው ይችላል፤ ስለ እንስሳቱ መተላለፊያ ያለውን ዕውቀትም አያካፍልም።

በጥናት ሪፖርት ሊካተቱ የሚገባቸው

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ በክልሉ የሚካሄድ ጥናት የተገኙትን ዝርያዎች መዘርዘሩ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ካሜራ በትክክል የሠራባቸው ሌሊቶች ብዛት፣ የተተከለበት ከፍታና አቅጣጫ፣ ወቅቱና የቀኑ ሙቀት፣ በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በዝሆን የተበላሹ መሣሪያዎች ቁጥርም መገለጽ አለባቸው። ያልተመዘገበ ዝርያ ሲኖርም «የለም» በሚል ቃል ፈንታ፣ ቢኖር ኖሮ ሳይገኝ የመቅረቱ ዕድል ምን ያህል እንደነበር በቁጥር መቀመጥ ይኖርበታል። ውሳኔ ሰጪው አካል ሪፖርቱን ሊመዝነው የሚችለው ይህ ቁጥር ሲቀርብለት ነው።