ስለ ኤሌክትሮኒክ ስሮትልና ስለ መዘግየቱ

የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ረግጠው መኪናዪቱ እሺ እስክትል ድረስ ለአንድ አፍታ የሚጠብቁ ነጂዎች፥ ይልቁንም በካርቡራቶር መኪና መንዳትን የለመዱት፥ ጥፋቱን አንዳንዱ በቤንዚኑ፥ አንዳንዱ በመካኒኩ፥ አንዳንዱም በዘመኑ ሲያላክኩ ይሰማል፤ ነገር ግን ይህ መዘግየት ብዙውን ጊዜ የብልሽት ምልክት ሳይሆን፥ መኪናዪቱ ገና በንድፍ ሳለች መሐንዲሶች መክረው የወሰኑት ነገር ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን ከመሻት በፊት የመሣሪያውን ግብርና ጠባይ መመርመር ይገባል።

ስሮትል ማለት ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር መንገድ ላይ የቆመ፥ በዘንግ ላይ የሚዞር ክብ ዝርግ መዝጊያ ነው። በቤንዚን ሞተር ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ በቀጥታ የሚከፍተው የአየሩን በር ሲሆን፥ ነዳጁ ከአየሩ ልክ ተመጥኖ ይከተላል። በቀድሞው ሥርዐት ፔዳሉንና መዝጊያውን የሚያገናኛቸው አንድ የብረት ገመድ ስለ ነበረ፥ እግር ጥቂት ቢወርድ መዝጊያው ጥቂት፥ ብዙ ቢወርድ ብዙ ይከፈት ነበር፤ በመካከላቸውም የሚጠይቅና የሚፈርድ ሌላ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ባለ 12 ሲሊንደር በሆነው በ750 መኪናው ገመዱን አስቀርቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚታዘዝ ስሮትል አወጣ፤ ሥርዐቱም በሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ከባለጸጎች መኪና ወደ ተርታው ሰው መኪና ወረደ።

ዛሬ በፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር የእግርን አወራረድ ወደ ቮልት ለውጦ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይልካል፤ ይህም ኮምፒውተር በነጂውና በሞተሩ መካከል እንደ ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ ቆሞ፥ ባለጉዳዩ የሚለምነውን ሰምቶ፥ የሞተሩን ሙቀት፥ የዙሩን ፍጥነት፥ የማርሹን ደረጃና የጎማውን መንሸራተት መርምሮ፥ ምን ያህሉ እንዲፈቀድ፥ ምን ያህሉም እንዲቈይ ይወስናል። አንዲት ልል ሽቦ መኪናዪቱን ያለ ነጂዋ ፈቃድ እንዳታስፈተልክ ፔዳሉም ስሮትሉም ሁለት ሁለት ምልክት እንዲልኩ ተደርጓል፤ የሁለቱ ልዩነት የታወቀና የተወሰነ ስለሆነ፥ ቃላቸው ያልተስማማ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ የቼክ ኢንጂንን መብራት አብርቶ ኀይሉን ይከለክላል። ለስሮትሉ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜም መዝጊያው በሞላ ተስቦ ጥቂት ዲግሪ ያህል ተከፍቶ ይቀርና፥ መኪናዪቱ እያዘገመች ጋራዥ ለመድረስ የሚበቃት ብቻ ይተርፍላታል።

መዝጊያውን የምታዞረው ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሰነፍ አይደለችም፤ ከዝግ እስከ ሙሉ ክፍት የሚፈጅባት የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ ነጂውን የሚያበሳጨው መዘግየት ከትእዛዙ አሰጣጥ የሚመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። አየር በድንገት ሲገባ ነዳጁን በዚያው ቅጽበት መመጠን አዳጋች ስለሆነ፥ የጢሱን መርዝ የሚያጠፋው ካታላይዘርም ሥራውን በሚገባ የሚፈጽመው አንድ እጅ ቤንዚን ከ14.7 እጅ አየር ጋራ በክብደት በተቀላቀለበት ጠባብ ወሰን ውስጥ ስለሆነ፥ የልቀትን ሕግ የሚፈሩ ፋብሪካዎች መዝጊያው በርጋታ እንዲከፈትና በርጋታ እንዲዘጋ ይወዳሉ፤ ባለ ፍሪሲዮን መኪና የሚነዳ ሰው እግሩን ካነሣ በኋላ የሞተሩ ዙር አልወርድ ብሎ ማርሽ ሲለውጥ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞም ኀይል በድንገት ሲደርስ የማርሽ ጥርሶች ተጋጭተው መኪናዪቱን ስለሚያንገጫግጩ፥ ተሳፋሪው እንዳይነቃነቅ ሲባል የመጀመሪያው ርግጫ ይለዝባል። ግማሽ የተረገጠ ፔዳልም ግማሽ የተከፈተ ስሮትል ማለት አይደለም፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ስንት ተረግጦ ስንት እንደሚከፈት የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ «ኢኮ» እና «ስፖርት» የሚባሉት መምረጫዎች ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ይህን ሰሌዳ መለወጥ ነውና፥ መኪናዬ ፈዘዘች የሚል ሰው አስቀድሞ ይህን ቍልፍ ቢመለከት አንዳች ሳይከፍል ይፈወስ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ፋብሪካዎቹ በዚህ ነገር መጠንን አልፈዋል፤ ነጂን እንደ ሕፃን መጠበቅ ነጂን ማክበር አይደለም።

ሆኖም መኪናዪቱ ያለ ፈቃድ እንዳትፈተለክ መፍራታቸው ከንቱ አለመሆኑን ለማወቅ ቶዮታን ያገኘውን መከራ ማስታወስ ይበቃል። መኪናዎቹ በአሜሪካ ያለ ፈቃድ ይፈተለካሉ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በሚሊዮን የሚቈጠሩት ለጥገና ሲጠሩ፥ ኤሌክትሮኒኩ በብርቱ ተጠርጥሮ የናሳ መሐንዲሶች ሳይቀሩ እንዲመረምሩት ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በወጣው ውጤት ግን ለዚህ አደጋ የሚያበቃ የኤሌክትሮኒክ ጕድለት አለማግኘታቸው ተገለጸ፤ የታወቁትም ምክንያቶች ፔዳሉን የሚይዝ የወለል ምንጣፍና ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ነበሩ። ምንጣፍ በተቃራኒውም ይበድላል፤ ከፔዳሉ በታች ተጠቅልሎ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ የሚከለክልበት ጊዜ ስላለ፥ ጐንበስ ብሎ ማየት ውርደት አይደለም።

ለአዲስ አበባ ነጂ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከልበታል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ኀይል ይጐድለዋል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው፥ የቈላው ሙቀት ጥቂቱን መልሶ ቢወስድበትም፥ መኪናው ነፍስ ስትዘራ ያያል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥ የሌለውን አየር ከየት ያመጣል?

እንግዲህ ጥፋቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ጭር ባለ አስተማማኝ መንገድ ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ማየት ነው። በሙሉ ርግጫ መኪናዪቱ እንደ ወትሮዋ ከሄደች፥ ቅሬታው ከሰሌዳው ወይም ከስሮትሉ ጠርዝ እንጂ ከሞተሩ አይደለም፤ በሙሉ ርግጫም ከደከመች የአየር ፊልትሮውን፥ ካንዴላውን፥ የነዳጅ ፖምፓውን፥ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን፥ የተደፈነ ካታላይዘርን፥ የሚይዝ ፍሬንን መፈተሽ ይገባል። ከሞተሩ ሆድ የሚመለሰው የዘይት ተን በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ጥቀርሻ እየሆነ ስለሚከማች፥ አየሩ ሞተሩ በዝግታ ሲዞርና ፔዳሉ ገና ሲነካ ይታነቃል። ይህን የሚያጸዳ ሰው ቍልፉን ዘግቶ፥ ለስሮትል በተሠራ ፈሳሽ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ይጥረግ፤ መዝጊያውን በጣት በኀይል መግፋት ጥርሶቹን ይጐዳል፥ ቍልፉ ተከፍቶ ሳለም ጣት ያስይዛል። ኮምፒውተሩ እድፉን እያካካሰ የኖረ ስለሆነ፥ ከጽዳቱ በኋላ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቢዞር አያስደንቅም፤ ትክክለኛውን የዝግ ቦታ እንደ አዲስ መማር አለበት። በብዙዎቹ ኒሳኖች ለዚህ ትምህርት ፔዳሉን በ5 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ረግጦ መልቀቅን የሚጨምር፥ በሰከንድ የተቈጠረ ሥርዐት አለ፤ በሌሎች ዘንድ የዲያግኖሲስ መሣሪያ ያስፈልጋል።

አሁን በገበያ የሚሸጠው ፔዳል ቦክስ የሚባለው መሣሪያ በፔዳሉና በኮምፒውተሩ መካከል ተሰክቶ ቮልቱን ያጋንናል፤ ሩቡ ሲረገጥ ግማሹ ተረገጠ ብሎ ይናገራል። ኀይል ግን አንዲት ፈረስ ጕልበት አይጨምርም፤ ወለል የነካ ፔዳል በእርሱም ያለ እርሱም አንድ ነውና። በገበያ መካከል በመጨናነቅ ሰዓት ለሚነዳም ሰው ጭራሽ አስቸጋሪ ነው፤ በሥሡ መርገጥ የሚያስፈልግበት ቦታ መኪናዪቱ ትዘላለች። በአግባቡ ካልተሠራም ሁለቱን ምልክቶች አጣልቶ መብራት ያስበራል። ጕዳቱ ግን ሲነቀል አብሮ ይነቀላል። የኮምፒውተሩን ሰሌዳ በባለሙያ ማስለወጥ ከዚህ ይልቅ ሥር የሚነካ ሥራ ነው፤ የፋብሪካን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል፤ የቀድሞው ፕሮግራም ካልተቀመጠም መመለሻው አስቸጋሪ ይሆናልና፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቅጂው ተወስዶ ለባለቤቱ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል።