የመርከብ ካቢን ወበቅ ከየት ይመጣል?

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከማያሚ ተነስቶ ካሪቢያንን በሚዞር የመዝናኛ መርከብ የተሳፈረ ሰው፣ ሌሊት ክፍሉ አልቀዘቅዝ ካለው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ በረንዳው በር ነው። በተለይ ደጋ ላይ ላደገ ሰው ይህ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ቤት ሲሞቅ መስኮት ከፈት አድርጎ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ማስገባት ይበቃል። ባሕር ላይ ግን ይኸው ልማድ ክፍሉን ይብስ ያፍነዋል። ካቢን ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳው ከሙቀቱ ይልቅ አየሩ ተሸክሞት የሚገባው ውሃ ነውና።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ የሆነ የባሕር አየር በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 24 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ይይዛል። ሰው ተመችቶት የሚተኛበት፣ 22 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ግን የሚይዘው ውሃ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። የመሐሉን 14 ግራም አውጥቶ መጣል የማቀዝቀዣው ፈንታ ነው። ተን ወደ ውሃ ሲመለስ በውስጡ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ በአንድ ግራም 2,400 ጁል ገደማ። ይህን ሙቀት መምጠጥ፣ ያንኑ አየር ከ30 ወደ 22 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ ከሚያስፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ኤሲ ባሕር ላይ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያፈሰው አየሩን በማድረቅ ላይ ነው። መጀመሪያ የተፈጠረውም ለዚሁ ነበር፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን ኤሲ የነደፈው፣ ብሩክሊን በሚገኝ ማተሚያ ቤት እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ የቀለም ኅትመቱን ስላበላሸ ነው።

በትልቅ መርከብ ላይ እያንዳንዱ ካቢን የራሱ ኮምፕረሰር የለውም። ቅዝቃዜው የሚመረተው ከታች፣ በማሽን ክፍሎቹ ውስጥ በተተከሉ ግዙፍ ማቀዝቀዣዎች ነው። እነሱ ውሃን ወደ 6 ወይም 7 ዲግሪ አውርደው በተሸፈኑ ቱቦዎች ወደ ላይ ይልኩታል። ይህ ውሃ መጀመሪያ ከውጭ የሚሳበውን አየር ያደርቃል፤ በብዙ አዳዲስ መርከቦች ደግሞ በየካቢኑ ኮርኒስ ውስጥ እስከተደበቀች አንዲት ትንሽ ማራገቢያና ጥምዝምዝ ቱቦ ድረስ ይደርሳል። አየሩ ከኮርኒሱ ይገባል፣ ክፍሉን ያዳርሳል፣ በመታጠቢያ ቤቱ ማስወጫ በኩል ይወጣል። ከካቢኑ የተወሰደው ሙቀት በመጨረሻ የሚጣለው ባሕሩ ውስጥ ስለሆነ፣ የባሕሩ ውሃ በሞቀ ቁጥር ማሽኑ ይቸገራል። አላስካ ላይ ሳይጨነቅ የሚሠራ ማሽን፣ የባሕሩ ገጽ 29 ዲግሪ በሚደርስበት ካሪቢያን ለዚያው ቅዝቃዜ ብዙ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል። ከዱባይና ከዶሃ የሚነሱ የመዝናኛ ጉዞዎች በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የሚደረጉት የባሕረ ሰላጤው የነሐሴ ወበቅ ለመርከቡም ለተሳፋሪውም ስለሚከብድ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግም ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም። ከታች የሚመጣው ውሃ ቅዝቃዜ የተወሰነ ነው፤ ቁልፉ የሚናገረው ማቀዝቀዙ የት ላይ እንደሚያበቃ ብቻ ነው።

የበረንዳውን በር ፍሬም ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ በብዙ መርከቦች ላይ የጣት ያህል ርዝመት ያላት ማግኔታዊ ማብሪያ ማጥፊያ ታገኛላችሁ። በሩ ሲከፈት የካቢኑን ማቀዝቀዣ የምታቆመው እሷ ናት። አንዳንድ ተሳፋሪ ይህን ኩባንያው ወጪ ለመቆጠብ ያደረገው ይመስለዋል። ኤሌክትሪክ መቆጠቡ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ጤዛ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ30 ዲግሪ አየር፣ ከ26 ዲግሪ በታች የሆነ ማንኛውንም ነገር ሲነካ ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል። በቀዘቀዘ ካቢን ውስጥ ደግሞ መስታወቱም፣ የብረት ግድግዳውም፣ የኮርኒሱ ቱቦም ከ26 ዲግሪ በታች ናቸው። 17 ካሬ ሜትር ስፋትና ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ካቢን 35 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል፤ በሩ ተከፍቶ ይህ አየር አንድ ጊዜ ብቻ ቢለወጥ ግማሽ ሊትር ያህል ትርፍ ውሃ ገባ ማለት ነው። በሩ ለሰዓታት ክፍት ከሆነ አየሩ ደጋግሞ ይለወጣል። መስታወቱ ያልበዋል፣ አንሶላው ይረጥባል፣ ማቀዝቀዣው ሳይቆም ቢቀጥል ደግሞ ከኮርኒሱ ውሃ ሊንጠባጠብ ይችላል። ማብሪያዋን በሌላ ማግኔት አታልለው በሩን ከፍተው የሚያድሩ ተሳፋሪዎች አሉ። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ክፍላቸውን ራሳቸው ያረጥቡታል፤ ለሁሉም ካቢን የሚዳረሰውን ቀዝቃዛ ውሃም በከንቱ ያባክናሉ።

ይህ ሁሉ ለእንቅልፍ ለምን ያስፈልጋል? ሰው ሊተኛ ሲል የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት መውረድ ይጀምራል፤ ሌሊቱን በአጠቃላይ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ለዚህም በእጅና በእግር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሙቀቱም በቆዳ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ከውስጥ ያለው ሙቀት መውጫ አገኘ ማለት ነውና። በወበቅ ውስጥ ይህ መውጫ ይዘጋል። አንድ ግራም ላብ ሲተን ከሰውነት የሚወስደው ሙቀት ያው 2,400 ጁል ገደማ ነው፤ አየሩ በውሃ ተሞልቶ ላቡ አልተን ካለ ግን ሰውየው እንደረጠበ ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጥ ያድራል። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ሰውነት ላብን የማዘዝ ችሎታው ስለሚዳከም፣ ወበቁ ያን ጊዜ ይብሳል።

ከውጭ የሚገባው ቢዘጋም ክፍሉ የራሱ የሙቀትና የእርጥበት ምንጭ አለው። የተኛ ሰው 75 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሁለት ሰው 150 ዋት። ትንሿ ፍሪጅ ከሆዷ ያወጣችውን ሙቀት መልሳ የምትጥለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የዋና ልብስ ክፍሉ መሐል ማስጣት ትልቁ ስሕተት ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከተሰቀለ ማስወጫው ተኑን ይወስደዋል። የኮርኒሱን ወይም የመታጠቢያ ቤቱን የአየር መተላለፊያ በፎጣ መሸፈን አይገባም። ከክፍል ከመውጣት በፊት መጋረጃውን መዝጋት ብዙ ይረዳል፣ በተለይ መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ አንዱ ጎኑ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ጊዜ።

ትንሽ ማራገቢያ ይዞ መሄድም ዋጋ አለው። አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ነገር ግን በሰከንድ ወደ 0.8 ሜትር የሚነፍስ አየር ክፍሉ 3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ እንዲመስል ያደርጋል። በባትሪ ወይም በስልክ ቻርጀር የምትሠራ ብትሆን ይመረጣል፤ ኩባንያው መፍቀዱንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኃይል መጨመርን የሚከላከል ኤክስቴንሽን ግን በፍጹም አትያዙ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በብዙ መርከቦች ላይ ሁለቱም የኤሌክትሪክ መስመሮች ኃይል ይሸከማሉ፤ ለቤት የተሠራው ኤክስቴንሽን ግን የሚቆርጠው አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ኤሲ ከመምጣቱ በፊት በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሕንድ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ቀይ ባሕር ሲደርሱ ፍራሻቸውን አውጥተው በመርከቡ ክፍት ወለል ላይ፣ በነፋስ፣ ይተኙ ነበር። አሰብ የሚገኝበት የቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ በዓለም ላይ ወበቅ እጅግ ከሚበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ተሳፋሪው ወጥቶ ሲተኛ፣ ከታች እሳት የሚያነዱት ሠራተኞች ግን መውጫ አልነበራቸውም። ዛሬ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2006 የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ የአየሩ ጠባይ ካልፈቀደ በስተቀር የሠራተኞች መኝታ ኤሲ እንዲኖረው ያስገድዳል። የሌላውን ሰው ክፍል ሲያጸዳና ማሽን ሲጠብቅ የሚውል ሰው ቀዝቀዝ ያለ መኝታ ማግኘቱ ከተሳፋሪው ምቾት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

በሩን ዘግታችሁ፣ መጋረጃውን ስባችሁ፣ እርጥብ ልብሱን አውጥታችሁ ጥቂት ሰዓት ብትጠብቁም ክፍሉ ካልቀዘቀዘ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የተዘጋ ማጣሪያ ወይም የተበላሸ የውሃ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። እስከ ጉዞው መጨረሻ በትዕግሥት አትሰቃዩ፤ በመጀመሪያው ቀን ለእንግዳ መቀበያው ደውላችሁ ቴክኒሻን እንዲመጣ ጠይቁ።