የደላንታ ኦፓል፦ ሀብቱ ከወጣበት ምድር ምን ያህሉ ይቀራል?

በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ፣ በወገልጤና ከተማ አካባቢ የሚገኘው የኦፓል ማዕድን በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ የአገራችን ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ከአውስትራሊያ ጎን እንዲነሳ አድርጓል። “የወሎ ኦፓል” በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ይኸው ድንጋይ በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የጌጣጌጥ ገበያዎች በስፋት ይሸጣል። ይሁንና ማዕድኑን ከገደል ሆድ ፈልፍሎ የሚያወጣው የደላንታ ገበሬ ከድንጋዩ የመጨረሻ ዋጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ድንጋዩ ከሚወጣበት ገደል እስከ ገበያ ያለውን ሂደት መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያም ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኘው የኢንዱስትሪ ከተማ ኮምቦልቻ በሌላው የወሎ ሀብት፣ ማለትም በቆዳ ላይ ካካበተችው ልምድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል።

የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈነዱ እሳተ ገሞራዎች በወጣ አለትና አመድ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ኦፓሉ የሚገኘው በእነዚህ ንብርብሮች መካከል ባለች፣ ውፍረቷ በአብዛኛው ከአንድ ሜትር በማይበልጥ አንዲት ንጣፍ ውስጥ ነው። ሲሊካ የተባለውን ንጥረ ነገር የተሸከመ ውኃ በጠነከረው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ እየሰረገ ሲወርድ፣ ከታች ያለው ሸክላማ አፈር አላሳልፍ ስላለው በዚያው ተጠራቅሞ በድንጋዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ ረግቶ ቀርቷል። በረጋው ሲሊካ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች በመጠን ተመሳስለው በሥርዓት በተደረደሩበት ቦታ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይበታተንና ድንጋዩ ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም እያፈራረቀ ያሳያል። በሥርዓት ባልተደረደሩበት ቦታ ግን ኦፓሉ ቀለም አልባ ይሆናል። በመሆኑም ከአንድ ጉድጓድ ከሚወጣው ድንጋይ ዋጋ የሚያወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ይህ የአፈጣጠር ሁኔታ የቁፋሮውን ዓይነት ወስኖታል። ንጣፏ በገደሉ ወገብ ዙሪያ ተዘርግታ የምትገኝ ሲሆን በላይዋ ላይ ከፍተኛ የአለት ክምር ተጭኗል። ያንን ክምር ገልጦ ማውጣት ለእጅ መሣሪያ የሚቻል ስላልሆነ አምራቾቹ ከገደሉ ፊት ተነስተው በዶማ፣ በዲጅኖና በመዶሻ ወደ ውስጥ አግድም ዋሻ ይቆፍራሉ። ዋሻው እየረዘመ ሲሄድ ጣሪያው ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ አየሩም ይታፈናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ የጠጣው አፈር ይናዳል። በዚህ ሳቢያ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለ ወሎ ኦፓል ውበት በየአገሩ ብዙ የተጻፈውን ያህል ስለ ዋሻ ድጋፍ እንጨት አለመጻፉ ያሳዝናል። ለአምራቹ ቤተሰብ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ ይኸው ነው።

በሕግ በኩል መሠረቱ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባህላዊ የማዕድን ሥራ ፈቃድን ለኢትዮጵያውያን ብቻ የከለለ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። በዚህ አግባብ የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር እየተደራጁ የመቆፈር መብት አግኝተዋል። ስለዚህ የኦፓሉ የመጀመሪያ እጅ ከእርሻው ጎን ለጎን የሚቆፍረው የአካባቢው ሰው ነው፤ ይህም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትልልቅ ኩባንያዎች ከያዟቸው ማዕድናት የሚለይበት መልካም ጎኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ድንጋዩ ከዋሻው ከወጣ በኋላ ነው።

የወሎ ኦፓል ውኃ የመምጠጥ ጠባይ አለው። ውኃ ውስጥ ሲነከር ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ የቀለሙ ጨዋታ ለጊዜው ይደበዝዛል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይህ ጠባይ በገበያ ላይ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ እርጥብ ድንጋይ ሲመዘን ገዢው ለውኃ ይከፍላል፤ ስለሆነም ልምድ ያለው ነጋዴ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ዋጋ ይቀንሳል፤ ድንጋዩን አድርቆ ያመጣው ገበሬም አብሮ ይቀጣል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ቀለምና ጭስ በቀላሉ ስለሚቀበል በውጭ አገር ጥቁር መልክ እንዲይዝ ተደርጎ ይሸጣል፤ ይህ ሳይገለጽ ሲቀር የወሎ ኦፓል በገዢዎች ዘንድ ያለውን አመኔታ ይጎዳል። አመኔታ ደግሞ በዚህ ንግድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ የወጣው ቡናማ ኦፓል ከጊዜ በኋላ የሚሰነጣጠቅ ሆኖ በመገኘቱ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። የደላንታው ድንጋይ በጥንካሬው የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ ነው የኢትዮጵያ ኦፓል ስም የተመለሰው።

የዋጋው ልዩነት ዋነኛ ምንጭ ግን የመቁረጥና የማለስለስ ሥራው የሚከናወንበት ቦታ ነው። ጥሬው ድንጋይ ከወገልጤና በደላሎች እጅ አልፎ ወደ ደሴ፣ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከዚያም ብዙው የሚሄደው የከበሩ ድንጋዮች መቁረጫ ማዕከል ወደሆነችው የሕንድ ከተማ ጃይፑር ነው። በሚቆረጥበት ጊዜ ከክብደቱ አብዛኛው ይባክናል፤ የቀረው ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ጥሬ ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ይህን እድገት አያየውም። ከዚህም በላይ፣ ድንጋዩ ሳይቆረጥ በውስጡ ያለው ቀለም ምን ያህል እንደሆነ የሚገምተው ገዢው ነው፤ ሻጩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የግምቱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ጥሬ ኦፓል ወደ ውጭ እንዳይላክ ገደብ የጣለው ይህንኑ ለመለወጥ ነበር። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ሆኖም ገደብ ብቻውን ቆራጭ አይፈጥርም፤ በቂ የመቁረጫ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ በአገር ውስጥ ሳይኖር በር ሲዘጋ ድንጋዩ በሻንጣና በኮንትሮባንድ መውጣቱ፣ ወይም ለስሙ ያህል ጫፉ ተሞርዶ “የተሠራ” ተብሎ መላኩ የሚጠበቅ ነው።

ተመሳሳይ መንገድ ቀደም ሲል በቆዳ ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ኤክስፖርት ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጥሏል። ልዩነቱ፣ ለቆዳው ቆዳ ፋብሪካዎች አስቀድመው የነበሩ መሆናቸው ነው። ኮምቦልቻ ከእነዚሁ ስፍራዎች አንዷ ናት። ከባህር ጠለል በላይ 1ሺ 850 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳማ ሸለቆ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ወደብ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት በመሆኗ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የብረታ ብረት፣ የሥጋና የቢራ ፋብሪካዎችን ሰብስባለች። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ75 ሄክታር ላይ የተገነባው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተጨምሯል። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ለአንድ ወር ያህል በተያዙበት ጊዜ ፋብሪካዎቹ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል፤ ታኅሣሥ ላይም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት መታገዷ የልብስ አምራቾቹን ጎድቷል።

በኮምቦልቻ ለኦፓል ሥራ ትምህርት የሚሆነው ግን ውኃው ነው። ሌዮሌ የተባለው ወንዝ የቆዳውን፣ የጨርቃ ጨርቁን፣ የብረታ ብረቱንና የሥጋ ማዘጋጃውን ፍሳሽ ተቀብሎ ከደሴ ወደሚወርደው ቦርከና ይገባል፤ ቦርከናም ወደ አዋሽ ያመራል። በወንዙ ላይ የተደረጉ ሳይንሳዊ ጥናቶች ከቆዳ ፋብሪካው በሚወጣው ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረቱ ደግሞ ዚንክ በከፍተኛ መጠን መገኘቱን አሳይተዋል። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ አትክልቱንም የሚያለማው በዚሁ ውኃ ነው። በጉን ያረባውና ሌጦውን የሸጠው የወሎ ገበሬ ስለሆነ፣ በሌጦው ላይ የተጨመረው እሴት ከፊል ወጪው በውኃ በኩል ተመልሶ እርሱን ወይም ጎረቤቱን የሚያስከፍል ከሆነ ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው። ፍሳሽ ማጣሪያ ከፋብሪካው ማሽን ጋር እኩል መተከልና መሥራት የሚገባው ለዚህ ነው፤ ኋላ የሚታሰብ ተጨማሪ ወጪ አይደለም።

በዚህ ረገድ ኦፓል ከቆዳ ይልቅ ለአካባቢው የሚስማማ ሥራ ነው። መቁረጫው የሚፈልገው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ መጋዝ፣ መሞረጃ ጎማ እና ከሁሉም በላይ የሠለጠነ እጅና ዓይን ነው፤ የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል አያስፈልገውም። ወደ ዋሻው መግባት የማይችሉ፣ በተለይም ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ሊሠማሩበት የሚችሉት ክፍልም ይኸው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንዲሁም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሙያውን ለማስተማር ቅርብ ናቸው። የራሱ አደጋ ግን አለው፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ድንጋዩ በደረቁ ሊሞረድ አይገባም። በውኃ ሲሞረድ ደግሞ የወሎ ኦፓል ውኃውን ስለሚመጥ ቀስ ብሎ በጥላ ሥር እንዲደርቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በችኮላ በሙቀት የደረቀ ድንጋይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ነጋዴና ሠልጣኝ እንደልብ እንዳይንቀሳቀስ በማድረጉ የዚህ ዓይነት ሥራ መስፋፋት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሰላሙ እስኪጸና ሊጠብቁ የማይገባቸው ጉዳዮች ግን አሉ። የዋሻ ጣሪያ ድጋፍና በክረምት ወራት ቁፋሮን ማቆም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በገበያ በኩል ደግሞ የማኅበራቱ አባላት ድንጋያቸውን በጋራ አድርቀው በጋራ ሚዛን ቢመዝኑ፣ በቀለሙ ጥራትም ለይተው ቢያቀርቡ፣ ነጋዴው ለእርጥበት ብሎ በጅምላ የሚቀንሰው ዋጋ ምክንያት ያጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የተረጋገጠ ሚዛን፣ ደረቅ መጋዘንና ድንጋይ መለየት የሚያውቅ ሁለትና ሦስት ሰው ነው፤ ወገልጤና ላይ ሊጀመር ይችላል።