ሪቴይነር ሲመረጥ መንገዱም ይቆጠራል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያሳሰረ ሰው ሽቦውን ለማስጠበቅ በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ይወጣል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል። ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላልሶ ብሬሱ የተፈታለት ዕለት ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ሐኪሙ ግን «ሪቴይነር የትኛው ይሁንልህ?» ይለዋል። ሪቴይነር የተስተካከለው ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ ይዞ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ለዚህ ጥያቄ አስቦበት የሚመጣ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ዋጋ ጠይቆ ረከስ ያለውን ይዞ ይሄዳል።

ሪቴይነር የሚያስፈልገው ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ ስላልሆነ ነው። በሥሩና በአጥንቱ መካከል የሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ የሆነ ክፍተት አለ፤ እሱን የሞሉት ጥርሱን አንጠልጥለው የያዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ብሬስ ሲገፋ በአንድ ወገን አጥንቱ እየሳሳ ቦታ ይለቃል፣ በሌላው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል። ስለዚህ ብሬሱ በተፈታ ሰሞን ጥርሱ ገና አፈሩ በደንብ ያልተጠቀጠቀለት የአጥር ቋሚ ነው። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ መልሰው ይደራጃሉ። ድድ ውስጥ ያሉት የሚለጠጡ ክሮች ግን ግትር ናቸው፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ጥርሱን ወደ ቀድሞ ቦታው ይስቡታል። በቦታው ዞሮ የነበረ ጥርስ ከሁሉ ቀድሞ የሚመለሰው በእነሱ ምክንያት ነው። ፍንጭትም እንዲሁ ለመመለስ ይቸኩላል። (ፍንጭት ውበት በሆነበት አገር ሰው ለምን እንደሚያስዘጋው ለእኔ አይገባኝም፤ ያስዘጋ ግን ይህን አውቆ ይግባበት።)

ዓመት ካለፈ በኋላም ቢሆን ዋስትና የለም። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ ሪቴይነር መጠቀም ካቆሙ 10 ዓመት የሆናቸውን ታካሚዎች መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት መሠረት የታችኛው የፊት ጥርሳቸው በአጥጋቢ ሁኔታ ተስተካክሎ የቆየላቸው ከ30 በመቶ በታች ነበሩ። ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰውም ዕድሜው ሲገፋ የታችኛው የፊት ጥርሱ ይጨናነቃል። ብዙዎች ጥፋቱን በመንጋጋ ጥርስ መጨረሻ ላይ በሚበቅለው የአእምሮ ጥርስ ያሳብባሉ፤ ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። ለዚህ ብቻ ብሎ እሱን ማስነቀል ገንዘብም ሕመምም ማባከን ነው።

ሪቴይነር በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንጋፋው ሀውሊ ነው፤ ቻርለስ ሀውሊ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ካስተዋወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ላንቃ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ፕላስቲክና የፊት ጥርሶችን ከውጭ የሚያቅፍ ሽቦ አለው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ንግግር ያኮላትፋል፣ ሲስቁም ይታያል። ሁለተኛው በሙቀት የለሰለሰ ስስ ፕላስቲክ በጥርስ ሞዴል ላይ ተጣብቆ የሚሠራው፣ መስታወት የመሰለው ሽፋን ነው። ሦስተኛው ቋሚ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ በጥርሶቹ ጀርባ በኩል ይለጠፋል። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ አንዱን ከሌላው አብልጦ ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም።

ሳይንሱ አሸናፊ ካልለየ ምርጫው ወደ ኑሮው ይመለሳል። ለእኔ ዋናው ጥያቄ «ሲበላሽ አውቃለሁ ወይ? ማንስ ይጠግንልኛል?» የሚለው ነው። ቋሚው ሽቦ ምቹ ነው፤ አይረሳም፣ አይጠፋም። ችግሩ ሲላቀቅ አለመናገሩ ነው። የበቆሎ እሸት በፊት ጥርስ የጋጠ ወይም ጠንካራ ቆሎ የቆረጠመ ሰው ሽቦው ከአንድ ጥርስ ላይ ሊላቀቅበት ይችላል። ሽቦው ግን በሌሎቹ ተይዞ ስለሚቆይ ያቺ አንዷ ጥርስ ባለቤቷ ሳያውቅ ትሸሻለች። ጽዳቱም አለ። የወይራም ሆነ የልምጭ መፋቂያ የጥርስን ፊት አሳምሮ ያጸዳል፤ ከታች ጥርሶች ጀርባ፣ ከሽቦው ሥር ግን አይደርስም። ምራቅ የሚጠራቀመው እዚያው ስለሆነ ቆሻሻው ቶሎ ይደነድናል፣ ድዱም ይደማል።

የሚወልቁት ግን ይናገራሉ። ሁለት ሌሊት ሳይደረግ ቀርቶ በሦስተኛው ከጠበበ ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስከገባ ድረስ ያለማቋረጥ ማድረግ ነው። ጨርሶ አልገባ ካለ በግድ አይገፋም። የእነዚህ ጠላት ሌላ ነው። ሰርግ ቤት ለምግብ ሲወልቅ በሶፍት ይጠቀለልና ከገበታው ፍርፋሪ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። ውሻም የምራቅ ሽታውን ይወደዋል፤ መሬት ላይ ካገኘው ያደቀዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ቅንነት ነው፦ ጀርም ይሙት ብሎ የፈላ ውኃ ውስጥ መንከር። ስሱ ፕላስቲክ ወዲያው ይጣመምና ዳግመኛ ጥርስ ላይ አይገጥምም። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። እርድ የገባበት አልጫ ደግሞ ቢጫ ስለሚያደርገው ሪቴይነሩ አፍ ውስጥ እያለ አይበላም።

ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለሚኖር ሰው የምመርጠው የሚወልቀውን ነው፤ ስሱ ከሆነ ሁለት አሠርቶ፣ ሀውሊ ከሆነ ከጠንካራ ማስቀመጫው ጋር። ፍንጭት ለተዘጋለት ወይም ጥርሱ ዞሮ ለነበረ ሰው ሐኪሙ ቋሚውን ቢመክር ትክክል ነው። ያኔም ቢሆን በላዩ ላይ ማታ ማታ የሚደረግ ስስ ሽፋን ይጠየቅ፤ ሽቦው ቢላቀቅ መንገድ እስኪከፈት ጥርሱን ይዞ ያቆያል።

ከክሊኒኩ ሳይወጡ የጥርሱን የጀሶ ሞዴል መጠየቅም አይረሳ። ካልጠየቁት ክሊኒኩ ሊጥለው ይችላል። በጥጥ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። ሪቴይነሩ በጠፋ ሰሞን፣ ጥርሱ ሳይንቀሳቀስ፣ ሞዴሉን በአውቶቡስ ለሚሄድ ዘመድ ማስያዝ ይቻላል፤ ላብራቶሪው ሰውየውን ሳያይ አዲስ ይሠራለታል።