«ቁም! ሳቅ!» አይበሉት

ውድ አንባቢ፥ በአንድ እሑድ ጠዋት ጋይንት ወርደው ቤተ ልሔም ደርሰዋል እንበል። ቅዳሴው አልቋል። እናቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወግ ይዘዋል፤ የድጓ ተማሪዎችም በየጎጇቸው ቀለማቸውን ይደግማሉ። ቤተ ልሔም፥ እንደሚያውቁት፥ የድጓ ምስክር የሚገኝባት ደብር ናት፤ በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ ሳያስመሰክር ሙሉ መምህር ነኝ ለማለት ያፍራል። እርስዎ ግን ዓይንዎ የሚያርፈው ገና ፊደል ባልቆጠሩት ላይ ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው አራት ሕፃናት ከቅጥሩ ውጭ ጭቃ ለውሰው በሬ ይሠራሉ። አንደኛው ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀንድ ይተክላል። ይህን የመሰለ ሥዕል ከየት ይገኛል! ስልክዎን ያወጡና፥ «ማሙሽ፥ ቁም እስቲ! ሳቅ!» ይሉታል።

ልጁ ወዲያው ወታደር ይሆናል። እጆቹ ከጭኖቹ ጋር ይጣበቃሉ፤ አገጩ ቀና ይላል፤ ፊቱ ለመታወቂያ ወረቀት እንደሚነሣ ሰው ይጨፈግጋል። በሬው በእግሩ ተረግጧል። እርስዎም ማንም የቆመ ሕፃን አነሡ እንጂ ያን ልጅ አላነሡትም።

ይህ ልማድ ከየት መጣብን? ከፎቶ ቤት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ወደ አገራችን መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሥራውን ወረሱ። በዚያ ዘመን መሣሪያው ዘገምተኛ፥ ሥራውም ውድ ስለ ነበረ የሚነሣው ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ፥ ከከተማም ወደ አውራጃ ሲወርድ መቆሙ ክብር ሆኖ ቀረ። እኔ በዚህ አልሥቅም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የክት ልብሱን ለብሶ ከነቤተሰቡ በተቀባ መጋረጃ ፊት የቆመ ገበሬ ያን ክብር የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን ለአራት ዓመት ልጅ መቆም ክብሩ አይደለም፤ ቅጣቱ ነው።

ከቦያጅያን በፊት የተነሣ አንድ የልጅ ፎቶግራፍ አለን፤ እርሱን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በዚሁ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አለፉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እንግሊዞች ይዘውት ሲሄዱ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። በዚያው ዓመት ክረምት ዋይት በምትባለው ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። በእርሷ መሣሪያ ለመነሣት ብዙ ሰከንድ፥ አንዳንዴም ደቂቃዎች፥ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። የሥራዋ ጥበብ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ ፊት ላይ የሚታየው የእናትና የአባት አልባ ልጅ ኀዘንና የአዋቂዎች ትእዛዝ ብቻ ነው። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ዐረፈ። ሲጫወት ምን ይመስል እንደ ነበር ያ ሥዕል አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ስልክዎን ከኪስዎ አያውጡት። ይቀመጡ። ሕፃናቱ መጥተው ጫማዎን ይነኩ ይሆናል፤ ስምዎን ይጠይቁ ይሆናል፤ ከዚያ ይሰለቹዎታል። የሚፈለገውም መሰልቸትዎ ነው። በኒው ዮርክ መንደሮች የሕፃናትን ጨዋታ ያነሣችው ሔለን ሌቪት በመሣሪያዋ ላይ የጎን መመልከቻ ገጥማ ወደ ሌላ አቅጣጫ የምታይ ትመስል ነበር፤ ልጆቹም በኖራ ሲሥሉና ሲሸሸጉ እርሷን ከቁም ነገር አልቆጠሯትም። እርስዎ ያን መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ ትዕግሥት ይበቃዎታል።

ቀጥሎ ዝቅ ይበሉ። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። እርስዎ ቆመው ካነሡት የሚያገኙት ትልቅ መካከለ ራስና አጭር እግር ነው፤ ልጁ ከጉድጓድ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ይንበርከኩ፤ ካስፈለገም በሆድዎ ይተኙ። የመሥሪያ ቤት ሱሪ ለብሰው ከሆነ ይህ ምክር እንደማይጥምዎ አውቃለሁ። ለሱሪው የሚሳሱ ከሆነ ስልኩን ገልብጠው መስተዋቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ አድርገው ይያዙት። በጣምም አይቅረቡ፤ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ሆኖ የተነሣ ልጅ አፍንጫው ያብጣል። ሁለት ሜትር ያህል ይራቁ።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በደጋው አገር ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን የልጁ ዓይኖች ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ይሆናሉ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። በመካከል ከሆነ ልጆቹ ጥላ ውስጥ እስኪገቡ ይጠብቁ። ሌላው ችግር ነጭ ልብስ ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይጥራል፤ ስለዚህ ልጁ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ከሆነ ነጩን ሊያደበዝዝ ሲል ጠይሙን ፊት ያጠቁረዋል። በስልክዎ መስተዋት ላይ የልጁን ፊት በጣትዎ ይንኩት፤ ብርሃኑን ለፊቱ ይመጥንልዎታል። (የቀለም ፊልም ፋብሪካዎችም ለብዙ ዘመን ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና የነጭ ሴት ሥዕል ነበረ፤ የእኛ ሰው በድሮ የቀለም ፎቶግራፎች ላይ ጠቁሮ የሚታየው ሁልጊዜ በአንሺው ስሕተት አልነበረም።) ልጁ የሚሮጥ ከሆነ የመሣሪያው ፍጥነት ከሰከንድ 500ኛ ክፍል ያላነሰ ይሁን፤ በ60ኛው ላይ ካነሡት እግሮቹ ጭስ ይሆናሉ።

«ሳቅ» ከማለት ይልቅ ስለ ሥራው ይጠይቁት። «ይህ በሬ ቦራ ነው ወይስ ዳልቻ?» ሕፃን የሥራው ጌታ ነውና ያስረዳዎታል፤ ሲያስረዳም ፊቱ ይበራል። ዕቃ ዕቃ የምትጫወተዋን ልጅ ጨርቅ ጠቅልላ በጀርባዋ ስታዝል፥ አጎንብሳ ሳለች ያንሷት። አኩኩሉ ሲጫወቱ ሁሉም የሚያነሣው የሚሸሸጉትን ነው፤ እኔ ግን ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ» የሚለውን እመርጣለሁ። በጣቶቹ መካከል ሰርቆ ማየቱ አይቀርምና። ከረሜላ ግን አያከፋፍሉ፤ ጨዋታው በዚያው ያልቃል፥ ታላላቆቹም ታናናሾቹን ገፍተው ይሰለፉልዎታል።

ከሁሉ በፊት እናትየዋን ማስፈቀድ ይገባል። «እንደምን አደሩ እናቴ፥ ልጅዎን ከጨዋታው ሳላስነሣው ፎቶግራፍ ላንሣው?» ይበሏት። «ሳላስነሣው» የሚለውን አይርሱ፤ አለዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ልትጠርግ ትነሣለች። «እንዴት ያምራል!» ብለው አያድንቁ፤ ዓይን ትፈራለች። «ያሳድግልዎ» ይበቃል። እንቢ ካለች እንቢ ነው፤ ምክንያቷን የመጠየቅ መብት የለዎትም። ፈቅዳም እንደ ሆነ የፈቀደችው ለእርስዎ ነው እንጂ በፌስቡክና በቴሌግራም ለሚያይ አገር ሁሉ አይደለም።

ጭቃውን ይተዉት፤ የልጁ የሥራ ልብስ ነው። ነገር ግን የተቀደደ ልብስና ዝንብ ያረፈበት ዓይን እየመረጡ አያድኑ። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረኃብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ፤ ብዙ እርዳታም አስገኘ። ፊልሙን የሚነቅፍ ሰው እኔ አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት «የኢትዮጵያ ሕፃን» ሲባል የውጭ ሰው የሚያስበው ያንኑ ፊት ብቻ ሆነ። የጋይንቱ ልጅ ከጭቃ በሬው ጋር ያን ያህል ዕድል አላገኘም። ይህ ጉድለት በፈረንጅ ብቻ አይላከክም፤ ስልክ የያዝነውም ከገጠር ስንመለስ የምናሳየው ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነውን ነው።

በመጨረሻም ወረቀቱ አለ። «እልክልሃለሁ» ብሎ የሄደ ሰው በየገጠሩ ሞልቷል። እናትየዋ በቤቷ አንድም የልጇ ሥዕል ላይኖራት ይችላል፤ ከስልክዎ ውስጥ ያለው ደግሞ ስልኩ የጠፋ ዕለት ይጠፋል። ስለዚህ ከተማ ሲመለሱ አሳትመው፥ በጀርባው የልጁን ስም፥ የክርስትና ስሙንም ካወቁት፥ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው፥ ወደ ደብሩ በሚሄድ በሚታመን ሰው እጅ ይላኩላት። ከተቻለ ግን ራስዎ ይዘው ይሂዱ። እናትየዋ ወረቀቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ለማስቀመጥ ትቸኩላለች፤ ልጁ ግን እንዲያሳዩት እጅዋን ይጎትታል፤ ፊቱን አልፎ በጣቱ የሚፈልገው ያን የጭቃ በሬ ነው።