ቀጋን በከተማ ግቢ ማልማት

ቀጋ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ የሚባል፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በተፈጥሮ የሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል አገር በቀል የሆነው ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ሲሆን፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮችም ይገኛል። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ዛፍ ወይም አጥር ካገኘ ግን ተንጠላጥሎ ከዚያም በላይ ይወጣል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። አበባው ነጭ፣ ባለአምስት ቅጠልና መዓዛው ደስ የሚል ነው።

እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያሉ የደጋ ከተሞች ለቀጋ ተስማሚ ናቸው። ድርብርብ አበባ ካላቸው የውጭ ጽጌረዳዎች በተለየ አበባው ገላጣ ስለሆነ ንቦች የአበባውን ዱቄት በቀላሉ ያገኛሉ። ፍሬው ደግሞ ለወፎች ምግብ ይሆናል።

የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው እሾሁ ነው። ለግቢ አጥር፣ ለተዳፋት መሬትና ለወንዝ ዳር ይመረጣል፤ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝና ከልጆች መጫወቻ ግን መራቅ አለበት። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውና ውኃ የማይቋጥር መሬት ይስማማዋል።

ቀጋ በዘርም በቁራጭም ይራባል። ዘሩ ከፍሬው ሥጋ ተለይቶና ታጥቦ ይዘራል፤ ለመብቀል ግን ጊዜ ይወስዳል። ለቁራጭ የእርሳስ ውፍረትና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጤነኛ ቅርንጫፍ ይመረጥና ከግማሽ በላዩ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ሥር እስኪሰድ ጥላ ሥር ሆኖ አፈሩ እርጥበት እንዳይለየው ይደረጋል።

ችግኙ ክረምት ሲገባ፣ ከብስባሽ ጋር በተደባለቀ አፈር ይተከላል። ለአጥር ሲሆን በችግኞቹ መካከል ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ርቀት ይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ድርቅን ይችላል።

የመግረዙ ጊዜ እንደ ተፈለገው ጥቅም ይለያያል። አበባው እንደ ረገፈ ከተገረዘ አጥሩ ይስተካከላል፤ የዚያ ዓመት ፍሬ ግን ይቀራል። ፍሬ ከተፈለገ ለቀማው እስኪያበቃ ይጠበቃል። በሁለቱም መንገድ ያረጁና የደረቁ ቅርንጫፎች ከሥራቸው ይቆረጣሉ። በለጋው ቅጠል ላይ ክሽክሽ ከታየ በውኃ ግፊት ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፤ ይበላልም። በውስጡ ያሉት ጸጉራም ዘሮች ጉሮሮ ስለሚከረክሩ ተለቅመው ይጣላሉ፤ የሚበላው የውጪው ሥጋ ነው።